ከጅቡቲ ባሕር እስከ ጣና፦ አንድ ዘንግ ብቻ ከሆነ የትኛው ብራንድ?

ጥያቄው ይህ ነው፦ «ጋሼ፣ የፍኖተ ሰላም ልጅ ነኝ። የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆንኩ ጅቡቲ እመላለሳለሁ። ጭነት እስኪደርሰን አንዳንዴ አራት አምስት ቀን እንቆማለን። እዚያ ስቆም ዓሣ ማጥመድ ለመድኩ፤ እስካሁን ግን በእጅ ክር ነው። አሁን ዘንግ ልገዛ ነው። አንድ ሱቅ ፔን፣ ሺማኖ፣ ዳይዋና አግሊ ስቲክ አሉት፤ ሁሉም የባሕር ናቸው ይለኛል። ስመለስ ጣና ላይም ልጠቀምበት እፈልጋለሁ። የቱ ይሻላል? አቅሜ ለአንድ ብቻ ነው።»

ወንድምዓለም፣ እንኳን በደህና ተመላለስክ። መልሱን አስቀድሜ ልንገርህ፤ ምክንያቱን ከዚያ ታነበዋለህ። ዘንጉ ኑሮው ጋቢና ውስጥ ከሆነ አግሊ ስቲክ ግዛ። ለሁለት የሚከፈለውን፣ 7 ጫማ የሆነውን፣ ጉልበቱ መካከለኛ የተባለውን። የተረፈህን ብር ሪሉ ላይ፣ ክሩን የሚጠቀልለው ዕቃ ላይ ማለቴ ነው፣ ጨምር። «የለም፣ በቱቦ ይዤ፣ ማታ ማታ አጥቤ፣ እንደ ዓይኔ ብሌን እጠብቀዋለሁ» ካልክ ደግሞ ከሺማኖ ወይም ከዳይዋ መካከለኛውን ደረጃ ውሰድ። ፔንን ለሪሉ አስቀምጠው።

ይህን የምለው በስም ፍቅር አይደለም። ባሕር ዳር ዘንግና ሪል እየጠገንኩ ነው የምኖረው። ከዚያ በፊት ዓረብ አገር፣ የማጥመጃ ዕቃ በሚሸጥ ሱቅ የጥገና ክፍል ውስጥ ለዓመታት ሠርቻለሁ። በእጄ ያለፈው የተሰበረ ዘንግ ብዙ ነው። አዲስ ዘንግ ብዙም አያስተምርህም፤ የተሰበረ ግን ያስተምርሃል። የት ላይ እንደተሰበረ ስታይ ምን እንደሰበረው ታውቃለህ። ዓሣ የሰበረው በጣም ጥቂቱ ነው። አብዛኛውን የሚጨርሱት የመኪና በር፣ ድንጋይ፣ የጀልባ ጠርዝና የሰው እግር ናቸው። ላንተ የመረጥኩልህም ይህን እያሰብኩ ነው።

መጀመሪያ «ሁሉም የባሕር ናቸው» ያለህን እንፍታው። የዘንጉ ረጅሙ አካል የሚሠራው ከካርቦን ወይም ከፋይበር ግላስ ነው፤ አንዳንዴም ከሁለቱ ድብልቅ። ሁለቱም አይዝጉም። ጨው የሚበላው ብረቱን ነው። ክሩ የሚያልፍባቸውን ቀለበቶች፣ የቀለበቶቹን እግር፣ ሪሉን አጥብቆ የሚይዘውን መቀመጫ። ዘንግን የባሕር የሚያሰኙት እነዚህ ትንንሽ ብረቶች ናቸው እንጂ ጎኑ ላይ በትልቁ የታተመው ቃል አይደለም። ያን ቃል ማንም ማተም ይችላል።

አንድ ጊዜ አንድ ወጣት ከባሕር ዳርቻ ከተማ ያመጣውን ዘንግ ይዞልኝ መጣ። ሱቁንም ብራንዱንም አልጠራም። «የባሕር ነው ተብዬ ነው የገዛሁት፣ ገና ሁለት ወሩ ነው» አለኝ። ከላይ ሲያዩት ያምራል። ቀለበቱ የታሰረበትን ክር በምላጭ ስከፍተው ግን እግሩ ቡናማ ዱቄት ሆኗል። ጨዋማው ውሃ በቫርኒሹ ስንጥቅ ገብቶ ክሩ ሥር ቁጭ ብሏል፤ ቶሎ አይደርቅም፤ ብረቱን ከውስጥ እየበላ ይቀመጣል። ስድስቱንም ቀለበት አንስቼ በአዲስ ተካሁለት። የከፈለኝ ዘንጉን ከገዛበት ብዙም አይተናነስም ነበር። ልጁን ሳየው አንጀቴን በላኝ። ቢያውቅ ኖሮ መጀመሪያውኑ በዚያው ብር ደህና ዘንግ ይገዛ ነበር።

ስቴንለስ የሚለው ቃልም አያታልልህ። ስቴንለስ ብረት ራሱን የሚጠብቀው በዓይን በማይታይ ስስ ሽፋን ነው። ጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ ያንን ሽፋን ነጥብ ነጥብ እያደረገ ይበሳዋል። 316 የሚባለው ዓይነት ሞሊብዲነም ስላለበት ከ304 የተሻለ ይቋቋማል። ቲታኒየም ከሁሉም ይበልጣል፤ ዋጋውም እንዲሁ። ከሥር ተራ ብረት ሆኖ በላዩ ክሮም የተቀባው ግን አንድ ጊዜ ከተጫረ አለቀለት።

በቀለበቱ ውስጥ ደግሞ ክሩ የሚሻሽበት ሌላ ለስላሳ ቀለበት አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ ሴራሚክ ነው። ብዙዎቹ ትልልቅ ብራንዶች ይህን ራሳቸው አይሠሩትም። ፉጂ ከሚባለው የጃፓን ኩባንያ ይገዛሉ። ስለዚህ ሁለት የተለያየ ስም ያላቸው ዘንጎች አንድ ዓይነት ቀለበት ሊኖራቸው ይችላል። የአንድ ብራንድ ርካሹና ውዱ ደግሞ በቀለበት ጨርሶ ላይመሳሰሉ ይችላሉ። ፉጂ ራሱ ደረጃ ደረጃ አለው፦ አሉሚኒየም ኦክሳይድ፣ አልኮናይት፣ ሲሊኮን ካርባይድ፣ ቶርዛይት እያለ ይወጣል። ላንተ የመጀመሪያው ይበቃሃል። ከዚያ በላይ ያለው ብሬድ የሚባለውን የተሸረበ ክር ይዞ ቀኑን ሙሉ ለሚወረውር ሰው ነው።

ሱቅ ስትገባ ጥጥ ይዘህ ግባ። ቀልዴን አይደለም። ትንሽ ጥጥ በእያንዳንዱ ቀለበት ውስጥ አሽከርክር። ጥጡ ከያዘ ወይም ጭረት ላይ ከቀረ ሴራሚኩ ተሰንጥቋል ማለት ነው፤ ያ ስንጥቅ ክርህን እንደ ምላጭ ይቆርጠዋል። ዓይን የማያየውን ጥጥ ያየዋል። ቀጥለህ ሁለቱን ቁራጭ ግጠምና እንደ ጠብመንጃ አነጣጥረህ ከኋላ ወደ ፊት ተመልከት፤ ቀለበቶቹ በአንድ መስመር ካልቆሙ ሌላ ስጠኝ በል። መጋጠሚያው ላይ ቀስ አድርገህ ወዝውዘው፤ ቀጭ ቀጭ ካለ ተወው። ስሙንም በጥፍርህ ሞክረው። ጽሑፉ ከቫርኒሹ ሥር መሆን አለበት። ከላይ የተለጠፈና በጥፍር የሚላጥ ከሆነ ተጠራጠር። ርካሽ ዘንግ ላይ የታወቀ ስም ለጥፎ መሸጥ የተለመደ ነው።

አሁን ወደ ብራንዶቹ፤ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ከሺማኖ ልጀምር፤ ስሙ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ባሕር ዳር በብስክሌት ያደገ ሰው ማርሽና ፍሬን ላይ ሲያነበው ኖሯል። ያው ኩባንያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1921 ኦሳካ አጠገብ ባለችው ሳካይ ከተማ ተመሠረተ፤ ወደ ዓሣ ማጥመጃ ዕቃ የገባው በ1970 ነው። የማርሽ ዕውቀታቸው ሪሉ ላይ ይታያል፤ ሲሽከረከር ቅቤ ነው። ዘንጋቸው ቀላልና ቀልጣፋ ነው። ውድ በሆኑት ላይ ስፓይራል ኤክስ የሚሉት አሠራር አላቸው። ካርቦኑን ከውስጥ በአንድ አቅጣጫ፣ ከውጭ በተቃራኒው አቅጣጫ ሰያፍ ይጠመጥሙታል፤ ስትወረውር ዘንጉ እንዳይጠማዘዝና እንዳይደፈጠጥ። ቴራማር የሚባለው መስመራቸው ለባሕር ዳርቻና ለጥልቀት አልባ ውሃ ነው። ትሬቫላ ደግሞ ከጀልባ ላይ ከባድ ብረት ወደ ታች ለሚያወርድ ሰው ነው፤ ላንተ አይሆንም። ሻጩ ትሬቫላ ከዘረጋልህ፣ ቆንጆ ቢሆንም፣ ጣና ላይ ሥራ አይሠራልህም።

ዳይዋም ጃፓን ነው፤ የጀመረው በ1958 ነው። ኩባንያው ዛሬ ግሎብራይድ ይባላል፣ ዕቃው ላይ ግን ዳይዋ እንዳለ ነው። የነሱ መጠምጠሚያ ኤክስ45 ይባላል፤ ካርቦኑን በ45 ዲግሪ ነው የሚያኖሩት። ዓላማው ከሺማኖው ጋር አንድ ነው፦ መጠማዘዝን መከላከል። እውነቱን ልንገርህና በአንድ ዋጋ ደረጃ ላይ ባሉት ሺማኖና ዳይዋ መካከል በእጅ የምትለየው ነገር ብዙ አይደለም። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ብይዝ እሳሳታለሁ። ሳልቲጋ የሚባለው የዳይዋ ቁንጮ ብዙ መቶ ዶላር ነው፤ ለትልልቅ የባሕር ዓሣ የተሠራ ነው። ቢጂ የሚሉት መስመር ግን ለኪስ የሚቀርብ፣ ጠንካራና ለባሕር የታሰበ ነው። ሱቁ ውስጥ ቢጂ ካለ አገላብጠህ እየው።

ፔን አሜሪካዊ ነው። ኦቶ ሄንዜ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1932 ፊላደልፊያ ውስጥ አቋቋመው። ስሙን የተከለው በሪል ነው፤ ባሕር ላይ የሚኖር ሰው ፔን ሪልን ከልቡ ያከብራል። ዘንጎቹም መጥፎ አይደሉም። ስኳድሮን ዝቅ ያለው ነው፣ ባታሊየን ሻል ያለው፣ ካርኔጅ ከፍ ያለው። ነገር ግን ፔን ዘንግ ሲሠራ ልቡ ጨው ውሃና ትልቅ ዓሣ ላይ ነው። ደንደን ይላል። ጅቡቲ ላይ ይደላሃል፤ ጣና ላይ ግን አንድ ኪሎ የማይሞላ ዓሣ ስትይዝ የሚሰማህ እንጨት እንደያዝክ ነው። አንድ ዘንግ ብቻ ነው የምችለው ባትለኝ ኖሮ ለጅቡቲ ፔን፣ ለጣና ሌላ ቀጭን እልህ ነበር።

አግሊ ስቲክ የሼክስፒር ምርት ነው። ሼክስፒር በ1897 ሚሺጋን ውስጥ የተመሠረተ ኩባንያ ነው፤ ከ1940ዎቹ ጀምሮ ፋይበር ግላስ ዘንግ ሲሠራ የቆየ ነው። አግሊ ስቲክ የሚለው ስም የወጣው በ1976 ነው። ፋይበር ግላስና ካርቦን ቀላቅለው ነው የሚሠሩት፣ ጫፉ ደግሞ ጠጣር ፋይበር ግላስ ነው። ቀረብ አድርገህ ስታየው ነጣ ብሎ ብርሃን ያሳልፋል። ይህ ጫፍ ነው ነገሩ። ዘንግ ብዙ ጊዜ የሚሰበረው ጫፉ አካባቢ ነው፣ የዚህ ጫፍ ግን ቢረገጥም ቢታጠፍም ይመለሳል። ጂኤክስ2 የተባለው ሞዴል ቀለበቶቹ አንድ ወጥ ስቴንለስ ናቸው፤ ውስጣቸው ሴራሚክ የለም። ስለዚህ የሚወልቅም የሚሰነጠቅም ነገር የለም። ጉድለቱንም ልንገርህ። ይከብዳል። ጫፉ ደነዝ ስለሚል ዓሣ ሲቀምስ ቶሎ አይነግርህም። ብረቱ ከሴራሚክ ስለሚለሰልስ በተሸረበ ክር ብዙ ከሠራህ በየጊዜው ቀለበቱን እያየህ መስመር አለማውጣቱን ማረጋገጥ አለብህ። ዋጋው ግን አሜሪካ ውስጥ 50 ዶላር አካባቢ ነው፤ የአንዳንዱን ውድ ዘንግ አንድ አምስተኛ እንኳ አይሞላም። አንተ የምትገዛበት ቦታ ሊጨምር ይችላል።

አንድ ነገር እግረ መንገዴን፦ ፔንም ሼክስፒርም ዛሬ ፒውር ፊሺንግ የሚባል አንድ ኩባንያ ሥር ናቸው። አቡ ጋርሲያም እዚያው ነው። ስለዚህ «ፔንና አግሊ ስቲክ ተፎካካሪ ናቸው» የሚልህ ሻጭ ካለ አትከራከረው፣ ግን አትመነው።

ሱቁ ውስጥ ያልጠቀስካቸውም አሉ። ኦኩማ የታይዋን ነው፤ በዋጋው ልክ ጥሩ ዕቃ ነው፣ ካገኘህ አትናቀው። ሴይንት ክሮይ የዊስኮንሲን ነው፣ ከ1948 ጀምሮ ዘንግ ሲሠራ የኖረ፤ በጣም የምወደው ዘንግ ነው፣ ግን ከዋጋው አንዱ ክፍል ዋስትናው ነው። ፍኖተ ሰላም ላይ ሆነህ የተሰበረ ዘንግ ለዋስትና አሜሪካ መላክ ትርጉም የለውም። ስለዚህ ለዋስትና ብለህ ገንዘብ አትጨምር፤ የትኛውንም ብራንድ ብትገዛ።

ዘንጉ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ከብራንድ ይበልጣል። ከእጀታው በላይ ርዝመት፣ የክር ጥንካሬና የሚወረውረው ክብደት ተጽፏል። የአሜሪካኖቹ ርዝመቱን በጫማ፣ ክሩን በፓውንድ፣ ክብደቱን በአውንስ ይጽፋሉ። አንድ አውንስ 28 ግራም ነው። የጃፓኖቹ ግራም ይጽፋሉ፣ አንዳንዴም ክሩን ፒኢ በሚባል የራሳቸው ቁጥር። ላንተ የምፈልገው ከ15 እስከ 40 ግራም የሚወረውር ነው። ከግማሽ አውንስ እስከ አንድ ተኩል ማለት ነው። ይህ ጅቡቲ ላይ ደህና ብረት ማባበያ ይወረውርልሃል፤ ጣና ላይም ትንሽ ጠንከር ቢልም ያስኬድሃል። 100 ግራም የሚል ካየህ እሱ የባሕር ሞገድ ተሻግሮ ለሚወረወር ረጅም ዘንግ ነው፤ ጣና ላይ ሸክም ነው። ርዝመቱን 7 ጫማ ያልኩህ 2 ሜትር ከ13 ሳንቲም ስለሆነ ነው። ከባሕር ዳርቻ ቆሞ ለመወርወር 9 ጫማ ይሻል ነበር፣ እውነት ነው። ግን 9 ጫማ ይዘህ ታንኳ ላይ ወይም ትንሽ ጀልባ ላይ መቀመጥ ሞክረውና ታየዋለህ።

አንዳንዱ ዘንግ ላይ ደግሞ 24 ቶን፣ 30 ቶን፣ 40 ቶን የሚል ታያለህ። አይኤም6፣ አይኤም7 የሚልም አለ። ሻጮች ቁጥሩ ሲጨምር ጥንካሬው ጨመረ ይላሉ። አይደለም። ቶኑ የካርቦኑ ግትርነት ነው። ግትር ካርቦን ቀላል ዘንግ ያሠራል፣ የዓሣውንም ንክሻ ቶሎ ወደ እጅህ ያደርሳል፣ ሲመታ ግን ቶሎ ይሰነጠቃል። አይኤም የሚለው ደግሞ አንድ የካርቦን ፋይበር አምራች ለራሱ ምርቶች ያወጣው መለያ ነው እንጂ ሁሉም ዘንግ ሠሪ የሚገዛበት ደረጃ አይደለም። ለከባድ መኪና ሹፌር 40 ቶን ካርቦን አልመክርም። ጋቢና ውስጥ የመንኮራኩር መፍቻ አብሮት ያድራል፤ አንድ ጊዜ ከነካው በዓይን የማታየው ስንጥቅ ይተዋል። ከዚያ ከሦስት ወር በኋላ በትንሽ ዓሣ ቀጭ ይላል፤ አንተም ብራንዱን ትረግማለህ። በእኔም ደርሷል። ያኔ ዓረብ አገር ሳለሁ በደመወዜ የገዛሁት ቀላል የካርቦን ዘንግ ነበረኝ። የእርሳስ ክብደት ተወዛውዞ መታው፣ ምንም የለውም ብዬ ተውኩት። በሌላ ቀን የእጅ መዳፍ የምታህል ዓሣ ይዤ ለሁለት ተከፈለ። የተሰበረው ልክ ያ እርሳስ የመታው ቦታ ላይ ነበር። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አሁን ስለ ዓሣው። ጅቡቲ ላይ ባራኩዳ አለ፣ ትሬቫሊ አለ፣ ድንጋይና ኮራል ሥር ግሩፐር አለ። ባራኩዳ ጥርሱ ክር ይቆርጣል፤ ከመንጠቆው በላይ አንድ ስንዝር የሽቦ መሪ እሰር። ትልቁ ትሬቫሊ ከያዘህ ግን እውነቱን ልንገርህ፣ በመካከለኛ ዘንግ አትጥለውም። ክሩን ቁረጥና ዘንግህን አድን። ወደብ ግቢ ውስጥ ደግሞ አትወርውር፤ የት እንደሚፈቀድ የአገሩን ዓሣ አጥማጆች ጠይቅ።

ጣና ሌላ ዓለም ነው። ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ሐይቅ ነው። ጥልቅ የተባለው ቦታ 14 ሜትር ቢሆን ነው። ስለዚህ ከባድ ብረት ወደ ታች ማውረድ ትርጉም የለውም። ቀረሶ በሰው ሠራሽ ማባበያ አይያዝልህም ማለት ይቻላል፤ ምግቡ ባመዛኙ ውሃ ውስጥ ያለ እፅዋት ነው። አምባዛ በሥጋ ቁራጭ ይያዛል፣ በተለይ ሲመሽ፤ ሲጎትት ደግሞ ጉልበቱ ከባድ ነው። የዚህ ዘንግ እውነተኛ ሥራ ግን ነጭ ዓሣ ነው። ነጭ ዓሣ የምንለው አንድ ዓሣ አይደለም። አርባ ምንጮች ነጭ ዓሣ የሚሉትም ሌላ ነው። የጣናው ላቤዮባርበስ የሚባል ወገን ነው፣ 15 ያህል ዝርያ አለው፤ አብዛኞቹ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የሉም። ከነሱ ስምንቱ ሌላ ዓሣ አሳደው ይበላሉ። ማባበያህን የሚመታው ከነዚህ አንዱ ነው። ሲመታ ልብህ ትዘላለች። እዚህ ላይ 10 ወይም 15 ግራም ማባበያ ነው የሚሻለው፤ የአግሊ ስቲክ ለስላሳ ጫፍ እዚህ ይጠቅምሃል። ደንዳናው ዘንግ ቀላሉን ማባበያ ወዲያ ማዶ አያደርስልህም።

አንድ ነገር ግን ከልቤ እለምንሃለሁ። ከነሐሴ እስከ ጥቅምት አብዛኛው ነጭ ዓሣ ሊራባ ወደ ወንዝ አፍ ይሰበሰባል። እንደ ጉማራና ርብ ባሉት ወንዞች። ያኔ መያዝ በጣም ቀላል ነው፤ ሆዷ እንቁላል የሞላ ዓሣ ነው የምትይዘው። የናይለን መረብና ሞተር ጀልባ ጣና ላይ የተስፋፋው እ.ኤ.አ. ከ1986 ወዲህ ነው። ከዚያ ወዲህ ነጭ ዓሣ በጣም አንሷል፤ ያደግሁበት ሐይቅ ስለሆነ በዓይኔ አይቼዋለሁ። በእነዚያ ወራት የወንዝ አፉን ተውላቸው። ሌላ ቦታ ሞልቶልሃል።

ስለ መኪናው። ጋቢና ለዘንግ መጥፎ ቤት ነው። ስለዚህ ከየትኛውም ሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ወፍራም የፕላስቲክ የውሃ ቱቦ ግዛ፣ ከግማሽ ዘንግህ ትንሽ ያስረዝሙት፣ ሁለቱን አፍ በክዳን ይድፈኑልህ። 7 ጫማው ለሁለት ሲከፈል 1 ሜትር ከ10 ገደማ ነው፤ ከአልጋው ኋላ ይገባል። ዘንጉን በአሮጌ ነጠላ ጠቅልለህ ክተተው። ሪሉን ለብቻ። እርጥብ ሆኖ ግን በፍጹም እንዳትዘጋበት፤ የታፈነ ጨዋማ እርጥበት ከባሕሩ ራሱ ይብሳል። መጋጠሚያው እንዳይላላ ነጭ የሱቅ ሻማ በስሱ ቀባው። ጧፍ አትጠቀም፤ ሰሙ ስለሚጣበቅ በኋላ አልላቀቅ ይልሃል። ሰው ተጋግዞ ሲጎትተው ዘንግ ሲሰነጠቅ አይቻለሁ።

እጥበቱን አትዝለል። ከባሕር በተመለስክ ቁጥር፣ ማታውኑ፣ ከጀሪካንህ አንድ ሁለት ሊትር ንጹሕ ውሃ ለዘንጉ ስጠው። ቀለበት በቀለበት በጨርቅ አሸው፣ በተለይ እግራቸውንና የሪል መቀመጫውን። ሪሉን ከመቀመጫው ፍታው፤ እዚያ መሀል ነው ጨው የሚደበቀው። ሪሉ ላይ ውሃ በኃይል አትልቀቅበት፤ ጨዉን ወደ ውስጥ ትገፋዋለህ። ቀስ ብለህ አፍስስ፣ ጠርገህ በጥላ አድርቅ። ይህን ካደረግህ ርካሹ ዘንግ ካልታጠበው ውድ ዘንግ ይበልጥ ዕድሜ ይኖረዋል።

ሪሉን በአጭሩ። ባሕር ዘንግን ከሚጎዳው ይልቅ ሪልን ይጎዳል፤ ውስጡ ማርሽና ኩሽኔታ ስለሆነ። ለዚህ ነው ብርህን እዚያ ጨምር ያልኩህ። 4000 የሚል መጠን ያለው ውሰድ። ፔን፣ ሺማኖ፣ ዳይዋ ማንኛቸውም ይሆናል፤ ብቻ የየብራንዱን ዝቅተኛውን አትግዛ።

መብረቅም ልጨምር፣ ማንም አይነግርህም። ካርቦን ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ክረምት ላይ ጣና ከሰዓት በኋላ እንዴት እንደሚጠቁር ታውቃለህ። ነጎድጓድ ከሰማህ ዘንጉን አስተኛና ከውሃው ውጣ። የመብራት መስመር ሥርም ቀና አድርገህ አትሂድ። አግሊ ስቲክም ካርቦን አለበት፤ ፋይበር ግላስ ነው ብለህ አትዘናጋ።

ዓሣው እግርህ ሥር ሲደርስ ደግሞ ዘንጉን ወደ ኋላ ከትከሻህ አታሳልፈው። ሁሉም ሸክም ጫፉ ላይ ይወድቃል። ጎንበስ በልና በመረብ ወይም በእጅህ አውጣው። በዘንግ ዓሣ አንጠልጥሎ የሚያወጣ ሰው የእኔ ቋሚ ደንበኛ ነው።

ከመግዛትህ በፊት ከእጀታው በላይ ያለውን ጽሑፍና አንዱን ቀለበት ቀረብ አድርገህ ፎቶ አንሳና እዚሁ ለጥፈው፤ አይቼ እነግርሃለሁ። የጫፍ ቀለበት ትርፍም አብረህ ግዛ፣ ሁለት ይበቃል። የሚጣበቀው በሙቀት በሚቀልጥ ሙጫ ነው፤ በላይተር ሞቅ አድርገህ ራስህ ትቀይረዋለህ። ሱፐር ግሉ ግን አትቀባው፤ ሌላ ጊዜ አልወልቅ ይልሃል።